በአሸዋ ሙቀት የሚወሰን ጾታ፦ የገበሎ አስተኔዎች ጥንታዊ ውርስ

የሰው ልጅ ጾታ የሚወሰነው በፅንሰት ጊዜ፣ ከአባት በሚመጣው ክሮሞሶም መሆኑን በሥነ ሕይወት ትምህርት ተምረናል። በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ አንዲት አዞ በአሸዋ ውስጥ የቀበረችው ዕንቁላል ግን በተጣለበት ዕለት ወንድም ሴትም አይደለም። ጾታውን የሚወስነው በጉድጓዱ ውስጥ የሚያገኘው ሙቀት ነው። ለመሆኑ ይህ እንዴት ይሆናል? ዓለማችን እየሞቀች በምትሄድበት በዚህ ዘመንስ ምን ያስከትላል? በዚህ ጽሑፋችን እንመለከተዋለን።

ገበሎ አስተኔዎች እነማን ናቸው?

ገበሎ አስተኔዎች የጀርባ አጥንት ያላቸው፣ በሳንባ የሚተነፍሱና ቆዳቸው በቅርፊት የተሸፈነ እንስሳት ናቸው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎቻቸው ከ12,000 ይበልጣሉ። ከእነዚህም ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንሽላሊቶችና እባቦች ናቸው። ኤሊዎች 360 ያህል ዝርያዎች ሲኖሯቸው፣ የአዞ ወገኖች ግን 30 እንኳ አይሞሉም። አራተኛው ምድብ የቀረው አንድ ዝርያ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በኒውዚላንድ የሚኖረው ቱዋታራ ነው። የዝርያዎቹ ቆጠራ ገና አላበቃም። በአገራችን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባሌ ተራሮች ሐረና ደን አንድ አዲስ የእፉኝት ዝርያ ለሳይንስ ተዋውቋል።

እነዚህ እንስሳት የሰውነታቸውን ሙቀት በአብዛኛው የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው። ገበሎ ጧት ጧት በድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው ስለዚህ ነው። ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ ስለማያቃጥል በጥቂት ምግብ ብዙ ቀን ይቆያል።

ከውኃ ያላቀቀው ዕንቁላል

የእንቁራሪት ዕንቁላል እርጥበት ካጣ ይደርቃል። የገበሎ አስተኔዎች ዕንቁላል ግን ፅንሱን በውኃ የሚከብብ ሽፋን፣ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ሌላ ሽፋን፣ እንዲሁም የምግብ ስንቅ በውስጡ ይዟል። በካናዳ ከቅሪተ አካል የዛፍ ግንድ ውስጥ የተገኘው ትንሹ ሃይሎኖመስ ከ310 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ ሲሆን፣ ከጥንታውያኑ ገበሎ አስተኔዎች አንዱ ነው። ከዚህ ወገን በኋላ ዳይኖሰሮች በየብስ፣ ኢክትዮሰሮች በባሕር፣ ፕቴሮሰሮች በአየር ተሠማሩ። ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በደረሰው ታላቅ እልቂት ከዳይኖሰሮች የተረፉት አዕዋፍ ብቻ ናቸው። ስለዚህም ዛሬ ካሉት እንስሳት መካከል ለአዞ የቅርብ ዘመዱ እንሽላሊት ሳይሆን ወፍ ነው።

ሙቀትና ጾታ

ሙቀት ጾታን እንደሚወስን በመጀመሪያ ያመለከቱት ማድሌን ሻርኒዬ የተባሉ ተመራማሪ ሲሆኑ፣ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1966 በዳካር፣ ሴኔጋል፣ በገበሎ ዕንቁላሎች ላይ አጥንተው ገለጹ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይኸው ጠባይ በአዞዎች፣ በብዙ ኤሊዎችና በቱዋታራ ዘንድ እንዳለ አረጋግጠዋል። የባሕር ኤሊ ዕንቁላል በ29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆይ ወንድና ሴት በግምት እኩል ይፈለፈላሉ። ሙቀቱ ሲጨምር ሴቶች፣ ሲቀንስ ወንዶች ይበዛሉ። በቱዋታራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀት የሚያበዛው ወንዶችን ነው። የናይል አዞ ደግሞ ወንድ የሚሆነው በመካከለኛው ሙቀት ሲሆን፣ ከዚያ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ሴት ይሆናል። እባቦችና ብዙ እንሽላሊቶች ግን እንደ እኛ በክሮሞሶም ይወሰናሉ።

የሚያሳስበን ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ከሚፈለፈሉት አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች፣ ካልጎለመሱት መካከል ከ99 በመቶ በላይ ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል። ከብዙ ዓመታት በፊት ከተፈለፈሉት ጎልማሶች ግን ሴቶቹ 87 በመቶ ያህል ነበሩ። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ ዝርያው ዛሬውኑ አይጠፋም፤ ወንዶች እያለቁ ከሄዱ ግን ዕንቁላሉ ሳይዳብር ይቀራል። ሙቀቱ እጅግ ካየለም ፅንሱ በዕንቁላሉ ውስጥ ይሞታል።

የእነዚህ እንስሳት ወገን ቀድሞም የአየር ንብረት ለውጥ አልፏል። የዛሬው ለውጥ ግን ፈጣን ነው፤ አረንጓዴ ኤሊ ደግሞ ለመራባት የሚደርሰው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የሰው እጅ ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት አይደለም፤ ዕንቁላል የተቀበረበትን ስፍራ ዳስ ማልበስ፣ የዳርቻ ዛፎችን ከመቆረጥ መጠበቅ ይቻላል። ስለዚህ በሐይቅ ዳርቻ ያለ አንድ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከሥሩ ለተቀበረው ዕንቁላል የሚቀርበት ጥላ ብቻ ላይሆን ይችላል።