ልጅዎ ገርል ስካውት ልግባ ስትል

ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ገበያ የወጣ ሰው፣ በመደብሩ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ኩኪስ የሚሸጡ ልጃገረዶች ሳያጋጥሙት አይቀርም። የለበሱት ሰደርያ በትንንሽ ባጆች ተሞልቷል። ከኋላቸው ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመው የሒሳቡን ነገር በዓይናቸው ይከታተላሉ። ገዢው ልጆቹን ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ካርቶኑን ይዞ ይሄዳል። ከኋላ የቆሙትን ልብ የሚላቸው የለም። ልጆቹ አባል የሆኑበት ገርል ስካውት የተባለው የልጃገረዶች ድርጅት ግን ያለእነዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን አያድርም። ልጅ ለማስመዝገብ የሚያስብ ወላጅም ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ድርጅቱን የመሠረቱት ጁልየት ጎርደን ሎው የጆርጂያ ግዛት የሳቫና ከተማ ተወላጅ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ጆሯቸውም እጅግ የደከመ ሴት ነበሩ። አንዱ ጆሯቸው በሕክምና ምክንያት ተጎዳ፤ ሌላው የተበላሸው በገዛ ሠርጋቸው ዕለት ነው፤ ለሙሽሮች መልካም ምኞት ከተበተነው ሩዝ አንዷ ፍሬ ጆሯቸው ውስጥ ገብታ ቀረች። በ1911 እንግሊዝ አገር ሳሉ የስካውትን እንቅስቃሴ ከጀመሩት ከሮበርት ባደን ፓወል ጋር ተዋወቁ። ወደ ሳቫና ተመልሰውም ማርች 12 ቀን 1912 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 18 ልጃገረዶችን ሰብስበው ሥራውን ጀመሩ። ያኔ ዕድሜያቸው 51 ነበር። ሴቶች በመላው አሜሪካ የመምረጥ መብት ያገኙት ከዚያ 8 ዓመት በኋላ መሆኑን ስናስታውስ፣ ልጃገረዶችን ከቤት አውጥቶ ድንኳን ማስተከልና ቅርጫት ኳስ ማጫወት ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ይገባናል። ገንዘብ ሲያጥራቸው ውድ የሉል ሐብላቸውን ሸጠዋል። ረዳት ሲያጥራቸው ደግሞ ደንቆሮነታቸው ጠቀማቸው፤ ቡድን እንድትመራላቸው የጠየቋት ወዳጅ ሰበብ ስትደረድር እንዳልሰሙ ሆነው፣ እሺ እንዳለቻቸው ቆጥረው የስብሰባውን ቀን ይነግሯት ነበር ይባላል። የዛሬዎቹ አስተባባሪዎች ይህን ታሪክ ሲያነሱ የሚስቁት አለምክንያት አይደለም። የሰው እጥረቱ ዛሬም አለ።

አንድ ግርታ አስቀድመን እናጥራ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አገር ቤት የተማሩ ወላጆች ስካውት ሲባል የሚታያቸው በአንገታቸው ሻርፕ ያሰሩ ወንዶች ልጆች ናቸው። በአሜሪካም የወንዶቹ ድርጅት ለብቻው የቆመ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ ሴት ልጆችንም ይቀበላል፣ በ2025 ደግሞ ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎ ለውጧል። ገርል ስካውት ከእሱ ጋር የአስተዳደር ግንኙነት የለውም፤ የሴት ልጆች ብቻ እንደሆነም ቀጥሏል። ጎረቤትዎ ልጄ ስካውት ናት ካለችዎ የቱ እንደሆነ ይጠይቁ።

አባልነቱ የሚከፋፈለው በትምህርት ክፍል ነው። ከኪንደርጋርተን እስከ አንደኛ ክፍል ያሉት ዴይዚ ይባላሉ፤ ይህም የመሥራቿ የቤት ስም ነበር። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ብራውኒ፣ አራተኛና አምስተኛ ጁኒየር፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ካዴት፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ሲኒየር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አምባሳደር ናቸው። ትንሿ ዴይዚ የድርጅቱን ሕግ አንድ በአንድ ስትማር ለእያንዳንዱ አንድ የአበባ ቅጠል ሰደርያዋ ላይ ይለጠፍላታል። ሐቀኛ መሆን፣ ሌላውን ማክበር፣ ለተናገሩትና ላደረጉት ኃላፊነት መውሰድ የመሳሰሉት ናቸው። ሐበሻ እናት ቤቷ የምታስተምረው ነው፤ እዚህ ግን ልጅቷ ከእኩዮቿ ጋር፣ በሥራ እያየችው ትማረዋለች።

ሃይማኖትን በተመለከተ ብዙ ወላጅ ይሰጋል። የአባላቱ ቃል ኪዳን እግዚአብሔርን የሚጠራ ሐረግ አለው፤ ከ1993 ወዲህ ግን እያንዳንዷ ልጅ በቦታው እንደ እምነቷ የሚስማማትን ቃል መተካት ትችላለች። ድርጅቱ የማንም ቤተ እምነት አይደለም። ከዚያም በላይ ልጅቷ የስካውት ሕጉን ከራሷ እምነት ትምህርት ጋር አገናኝታ የምታገኘው ልዩ ምልክት አለ። ለዚህም ከእምነቷ ሰዎች ጋር መነጋገር አለባት። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯን፣ የመስጊድ ኡስታዟን ወይም የቤተ ክርስቲያኗን መጋቢ ጠይቃ ልታገኘው ትችላለች ማለት ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው። በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የሰፈርዎን ዚፕ ኮድ ሲያስገቡ በአካባቢው ያሉትና ክፍት ቦታ ያላቸው ቡድኖች ይወጣሉ፤ ቡድኑ ትሩፕ ይባላል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአቅራቢያዋ ባለው የሜሪላንድ ክፍልና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች ኃላፊው የዋና ከተማዋ ካውንስል የሚባለው የድርጅቱ የአካባቢ ቅርንጫፍ ነው። ለረጅም ዓመታት 25 ዶላር የነበረው የልጆች ዓመታዊ መዋጮ በ2024 በተላለፈ ውሳኔ በደረጃ ወደ 45፣ ቀጥሎም ወደ 65 ዶላር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ሰደርያውና መጽሐፉ ለብቻ ነው። አቅም ለማይፈቅድለት ቤተሰብ ድጋፍ አለ፤ ቅጹ ላይ መጠየቅ ብቻ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ትሩፕ ውስጥ መግባት የማይመቻት ልጅ ለብቻዋ ተመዝግባ መሥራት ትችላለች፤ እንዲህ ያሉት ልጆች በመሥራቿ ስም ጁልየት ይባላሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጅ የሚቸገረው። በሰፈርዎ ያለው ትሩፕ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲሆን የጎደለው ብዙ ጊዜ ክፍል ወይም ገንዘብ አይደለም። ለተጨማሪ ልጆች የሚቆም ትልቅ ሰው ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ልጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎች መኖር አለባቸው፣ ሁለቱ ዝምድና ሊኖራቸው አይገባም፣ አንዷም የግድ ሴት መሆን አለባት። ባልና ሚስት ብቻቸውን ትሩፕ መምራት አይችሉም ማለት ነው። ልጆቹ ሲበዙ የአዋቂዎቹ ቁጥርም ይጨምራል። ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ፣ አባትም ይሁን አጎት፣ በጎ ፈቃደኛ መሆን ይችላል፤ የወንጀል መዝገቡ ይጣራል፣ ሥልጠና ይወስዳል፣ ከዚያ ይጀምራል። ማጣራቱን እንደ ስድብ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን ልጄን የምሰጠው ሰው ባይጣራ ኖሮ ነበር የምከፋው።

ሥራው ምንድን ነው? እድራችን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንዳለው ሁሉ ትሩፑም ሥራውን ይከፋፍላል። መሪ አለች፤ ረዳቷ አለች። የትሩፑን የባንክ ሒሳብ የሚይዝ ሰው አለ፤ ፊርማውም የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። የኩኪሱን ትእዛዝና ስርጭት የሚከታተል አለ። መኪና የሚነዳ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና የወሰደ፣ ለአዳር ጉዞ የሰለጠነም ያስፈልጋል። ከማኅበረሰባችን እናቶች ደጋግሜ የምሰማው ሰበብ እንግሊዝኛዬ አይበቃም፣ ድንኳን መትከልም አላውቅም የሚል ነው። ድንኳኑን ሥልጠናው ያስተምራል። ሆስፒታል ውስጥ ስትሠራ የምትውል ነርስ የመጀመሪያ ዕርዳታ ለማስተማር፣ የራሱን ሱቅ የሚያስተዳድር አባት ስለ ትርፍና ኪሳራ ለልጆች ለማስረዳት የሚያንሰው እንግሊዝኛ የለም።

በዚህ ድርጅት ታሪክ በጎ ፈቃደኝነት እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ያሳዩት ጆሴፊን ሆሎዌይ ናቸው። በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ፤ በ1920ዎቹ ከጁልየት ሎው ሥልጠና ወስደው ጥቁር ልጃገረዶችን በስካውት መንገድ ማስተማር ጀመሩ። በ1933 ትሩፕ ለማቋቋም ሲያመለክቱ የአካባቢው ካውንስል ለጥቁሮች የተለየ ቦታ ማዘጋጀት ወጪው ይበዛል ብሎ መለሳቸው። ተስፋ አልቆረጡም። የድርጅቱ መመሪያ መጽሐፍ እንዳይደርሳቸው ሲደረግ ባላቸው ከቺካጎ ይዘውላቸው መጡ፤ ከዚያ እየተነሡ የራሳቸውን ልጆችና የጎረቤት ልጆችን ያለ ዕውቅና ለዓመታት አስተማሩ። ትሩፓቸው በይፋ የታወቀው በ1942 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው የከለከላቸው ካውንስል ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራቸው፤ ኋላም የልጃገረዶች ካምፕ በስማቸው ተሰየመ። የድርጅቱን ታሪክ በኩኪስ ብቻ የሚተርኩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ መዝለላቸው አይዋጥልኝም።

ኩኪሱም ቢሆን የሚናቅ ታሪክ የለውም። በ1917 በኦክላሆማ የመስኮጊ ከተማ አንድ ትሩፕ ጋግሮ በትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ሸጠ። በ1922 የአሠራሩ ዝርዝር በድርጅቱ መጽሔት ላይ ታተመና እናቶች በየቤታቸው መጋገር ያዙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር፣ ዱቄትና ቅቤ ሲጠፋ ልጆቹ የቀን መቁጠሪያ ሸጠዋል። ዛሬ የሚጋግሩት ፈቃድ ያላቸው ሁለት ፋብሪካዎች ሲሆኑ በአንድ የሽያጭ ወቅት 200 ሚሊዮን ያህል ካርቶን ይሸጣል። ትርፉ እዚያው አካባቢ ለካውንስሉና ለትሩፑ ይቀራል። ትሩፑ ድርሻውን በምን ላይ እንደሚያውለው የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው፤ ብዙ የሸጠች ልጅ ግን ገንዘቡ የእኔ ነው ልትል አትችልም። ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚሸጠው ቲን ሚንት የሚባለው የቸኮሌትና የናና ኩኪስ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይገባበት የሚሠራ ነው። ለጾመኛ ገዢ ይህን የምትናገር ልጅ ገበያ አወቀች ይባላል። ሌሎቹን ግን ካርቶኑን እያነበቡ ይግዙ።

ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ከፊቷ የሚጠብቃት ትልቁ ነገር የወርቅ ሽልማት ነው። ቢያንስ 80 ሰዓት እንዲወስድ የሚመከር የራሷን ፕሮጀክት ቀርጻ ትሠራለች፤ ፕሮጀክቱ እውነተኛ ችግር ላይ ያተኮረና እሷ ብትሄድም የሚቀጥል መሆን አለበት። ልብስ ሰብስቦ መስጠት ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች በአማርኛ የትምህርት ቤት መመሪያ አዘጋጅታ፣ በየዓመቱ የሚያድሰው አካል ካገኘችለት ይህ ለሽልማቱ የሚበቃ ሐሳብ ይሆናል። ሽልማቱ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ይጠቅማል፤ አንዳንድ የስኮላርሺፕ ዕድሎችም አሉት፤ ውትድርና ለምትገባም በከፍ ያለ ማዕረግ ያስጀምራታል።

እንከን የለውም አልልም። አንዱ ትሩፕ በየወሩ ጫካ ያድራል፣ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ወረቀት ሲቀድና ሲለጥፍ ይከርማል፤ ልዩነቱ ሁሉ የመሪዋ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት መሪዋን ያነጋግሩ፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰበሰቡ፣ ዕቅዱን ልጆቹ ወይስ እሷ እንደምታወጣ ይጠይቁ። ልጆቹ ካልወሰኑ ገርል ስካውት አይደለም። ደግሞም ትሩፑን ልጅ አውርዶ ወደ ሥራ መሄጃ የሚያደርጉ ወላጆች ሲበዙ መሪዋ ትሰለቻለች፣ በዓመቱም ትሩፑ ይፈርሳል።

የአባልነቱ ዓመት ኦክቶበር 1 ጀምሮ ሴፕቴምበር 30 ያበቃል፤ ምዝገባው ግን በማንኛውም ወር ክፍት ነው። የልጅዎን ቅጽ ሲሞሉ የበጎ ፈቃደኛውንም አብረው ይሙሉ። መሪ መሆን ባይሆንልዎ በወር አንድ ቅዳሜ መኪና ለመንዳት ወይም ከኩኪሱ ጠረጴዛ ኋላ ለመቆም ይመዝገቡ።