የፊት ጎማው መብራት ሲብለጨለጭ

ፓጄሮዬ እ.ኤ.አ. የ1996 ሥሪት ነው፤ 2.5 ሊትር ናፍጣ፣ ማርሹ በእጅ። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ነው የወጣው፤ ከዚያ በፊት የት የት ሲዳክር እንደኖረ ፈጣሪ ይወቀው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሆኖም የመኪና ኤሌክትሪክ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ከምሥለው ሰርኪት የሚለየው ጭቃና ዘይት በመጠጣቱ ብቻ ነው። ባትሪ፣ ሽቦ፣ ማብሪያ፣ አንድ ሥራ የሚሠራ ዕቃ፣ ከዚያ ወደ ባትሪው መመለሻ። አለቀ።

ባለፈው ክረምት የፎር ዊሉን ዘንግ ከ2ኤች ወደ 4ኤች ሳስገባው ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ የመኪና ሥዕል የፊት ሁለቱ ጎማዎች ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። ጤነኛ ፓጄሮ ላይ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ካሉ በኋላ አረንጓዴ ሆነው ይረጋሉ፤ የእኔዎቹ ግን ማቆሚያ አጡ። ሰፈር ያለው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑን ከፍቶ ለአፍታ አየና ፈረደ።

«ቲቸር፣ ሶሌኖይዱ ነው፤ ይቀይሩት።»

«በምን አወቅከው?»

«ፓጄሮ ሁሌም የሚያስቸግረው እሱ ነዋ!»

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግምቱም ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ግን ቴስተሩን ከሳጥኑ እንኳ አላወጣም። በአሮጌ መኪና ላይ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሶማሌ ተራ ተሂዶ አንድ ዕቃ ይገዛል፣ መብራቱ መብለጭለጩን ይቀጥላል፣ ሌላ ዕቃ ይገዛል። የእኔ ሕግ አጭር ናት፦ ብልሽቱ በእጅ ሳይያዝ ገንዘብ ከኪስ አይወጣም።

ሚትሱቢሺ «ሱፐር ሴሌክት» ብሎ የሰየመውን ይህን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ከሁለተኛው ትውልድ ፓጄሮ ጋር ነው። በ2ኤች ኃይል የሚያገኙት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። በ4ኤች አራቱም ያገኛሉ፤ መሀል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ስለሚያቻችላቸው አስፋልት ላይም ይነዳል። 4ኤችኤልሲ ሲገባ ያ የመሀል ዲፈረንሻል ይቆለፋል፤ ይህ ለጭቃና ለአሸዋ ነው እንጂ ደረቅ አስፋልት ላይ አይሞከርም። አራተኛው፣ 4ኤልኤልሲ፣ መኪናው ቆሞ የሚገባው ከባዱ ማርሽ ነው።

ዘንጉ ትራንስፈሩን፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የማርሽ ሳጥን፣ የሚያንቀሳቅሰው ብረት በብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሻውም። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከፊት በኩል ነው። በ2ኤች የፊት ዲፈረንሻሉ በከንቱ እንዳይሽከረከር ከአንድ ጎን ያለው አክስ መሀሉ ላይ ይላቀቃል፤ 4ኤች ሲገባ መልሶ ይያያዛል። የሚያያይዘውን ዘንግ የሚስበው የላስቲክ ዲያፍራም ነው፤ ዲያፍራሙን የሚስበው ከሞተሩ የሚመጣ ቫኪዩም፣ ማለትም የመምጠጥ ኃይል ነው፤ ቫኪዩሙን የሚከፍቱና የሚዘጉት ኮፈኑ ሥር ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሶሌኖይዶች ናቸው፤ ሶሌኖይዶቹን የሚያዘው አንድ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ነው። ሳጥኑ የዘንጉን ቦታ የሚያውቀው ትራንስፈሩ ላይ ከተጠመዱ ስዊቾች ነው። አክሱ ተያይዞ ሲያበቃ ደግሞ እዚያው ፊት ያለች አንዲት ስዊች ተጭና ወደ ሳጥኑ መልስ ትልካለች፤ ያኔ መብራቱ ይረጋል።

እኔ ጠዋት ስም ስጠራ «አቤት» ያላለ ተማሪ ሁሉ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ መጥቶም ድምፁ ያልተሰማኝ ይኖራል። የሚብለጨለጭ መብራትም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ሳጥኑ ጠርቷል፣ መልስ አልሰማም። አክሱ በእርግጥ አልተያያዘም ወይስ ተያይዞ ወሬው ነው ያልደረሰው? ይህን ሳይለዩ ሽቦ መነካካት ድካም ነው።

መለያው ደግሞ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ልል አፈር ወይም ጠጠር ያለበት ሜዳ ይፈለጋል። 4ኤችኤልሲ ይገባና ጥቂት ሜትር ቀጥ ተብሎ ይነዳል፤ ከዚያ መሪው እስከ ጥጉ ተጠምዝዞ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይዞራል። የፊት አክስ ከተያያዘ መኪናው እንደታሰረ ይሆናል፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማዎቹ አፈሩን እየቧጠጡ ይንገጫገጫሉ። ካልተያያዘ እንደ ወትሮው ቀለል ብሎ ይዞራል። የእኔው ታሰረ። ስለዚህ ቫኪዩሙም፣ ዲያፍራሙም፣ የተፈረደበት ሶሌኖይድም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የጠፋው «አቤት» የሚለው ድምፅ ነው።

ፓጄሮ ከፍ ያለ ስለሆነ ያለ ክሪክ ሥሩ መግባት ይቻላል። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን አይገባም፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ጎማው በሽብልቅ ተደግፎ ነው። ቀለበትና የእጅ ሰዓትም ይወልቃል፤ 12 ቮልት እንደ ቤት መብራት አይዝም፣ ብረት ነክቶ ሾርት ካደረገ ግን ያቃጥላል።

የባትሪና የፊውዝ ምርመራ ቶሎ ያልቃል። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል። ፊውዝ በዓይን ታይቶ ብቻ አይታመንም፤ ቁልፉ ተከፍቶ በሁለቱም ጫፉ ኤሌክትሪክ መኖሩ ይታያል። ትልልቅ መብራቶች በርተው ከባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ እስከ ቦዲው ብረት ሲለካ ንባቡ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት፤ ግማሽ ቮልት ካሳየ ግራውንዱ ዝጓልና እሱ ሳይጸዳ ወደ ሌላ አይታለፍም።

ከዚያ ወደ ፊቷ ስዊች ሄድኩ። ሶኬቷን ነቅዬ፣ ከስዊቿ በኩል ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ ዘንጉን ከ2ኤች ወደ 4ኤች አስወሰድኩ፤ ሞተሩ በእርግጥ መሥራት ስላለበት ይህን ያደረግሁት ማርሹን ነፃ አድርጌ፣ ሽቦውን አርዝሜ፣ ከሥር ወጥቼ ከጎን ቆሜ ነው። ንባቡ ተለወጠ። ስዊች ሲጫን የሚዘጋም የሚከፈትም ዓይነት አለ፤ ዋናው መለወጡ ነው፤ ስለዚህ ስዊቿ ደኅና ናት። ከመኪናው በኩል ያሉትን ሁለት የሶኬት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኘኋቸው፤ ስዊቿ የምትሠራው ይህንኑ ስለሆነ ጉዳት የለውም። መብራቱ አሁንም መብለጭለጩን አላቆመም። እንግዲያው ሽቦው ነው።

ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፣ ሌላው ግራውንድ ነው። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የግራውንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ አደረግሁ፦ 12.5 ቮልት። አንድ ሰው ይህን ቢያይ ሽቦው ጤነኛ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ከቴስተሩ ሌላ፣ ከአሮጌ መኪና አምፖልና ከሁለት ቁራጭ ሽቦ የሠራኋት የመፈተሻ መብራት አለችኝ፤ ባለ 5 ዋት ናት። በቴስተሩ ቦታ እሷን ሳስገባት ጭራሽ አልበራችም።

ቴስተሩ ዋሽቶ አይደለም። ቮልት ሲለካ በውስጡ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ የብዙዎቹ ዲጂታል ቴስተሮች የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው። በዝገት የተበላ ሽቦ 10 ሺህ ኦም ቢኖረው እንኳ ከዚያ አጠገብ ኢምንት ስለሚሆን ቮልቱ ሳይነካ ያልፋል። አምፖሏ ግን ለመብራት 0.4 አምፒር ገደማ ትፈልጋለች፤ ያ ሽቦ የሚያሳልፍላት ከሺህ አንድ እጅ አምፒር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ተማሪዎቼን ሥራ የሌለበት ሽቦ ላይ የተለካ ቮልት አትመኑ የምላቸው ለዚህ ነው። አምፖሏ ከ5 ዋት እንዳትበልጥ፤ የኤርባግና የሞተር ኮምፒውተር ሽቦዎች ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትደረግም።

ሽቦውን በጣቶቼ እየዳሰስኩ ወደ ኋላ ተከተልኩት። ቻሲው ላይ በክሊፕ ከታሰረበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ደርቆ ተሰንጥቋል። በምላጭ ስከፍተው ከመዳብ ይልቅ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪገኝ ከሁለቱም ወገን ቆረጥኩት፣ እኩል ውፍረት ያለው ሽቦ ቀጥዬ በካውያና በሊድ በየድኩት፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለበስኩት። ናስትሮ ብቻ ከሆነ ውኃ ያስገባል። ሽቦው እንዳይወጠርም ትንሽ ዘና ብሎ ነው የታሰረው። መብራቱ ረጋ።

የእኔ ነገር እንዲህ ሆነ እንጂ፣ ሜዳው ላይ ሲዞር መኪናው ያልታሰረበት ሰው መንገዱ ሌላ ነው። እሱ ከቫኪዩሙ ይጀምር። በዚህ የናፍጣ ሞተር ቫኪዩም የሚሠራው ፓምፕ ከአልተርኔተሩ ጀርባ ነው፤ የፍሬኑን አጋዥም የሚመግበው እሱ ነው። ስለዚህ የፍሬኑ ፔዳልም ጠንክሮ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ይሂድ። ቀጫጭኖቹ የጎማ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቁት ጫፋቸው ላይ ነው፤ ርዝመታቸው ከፈቀደ ጫፉን ቆርጦ መልሶ መሰካት ይበቃል። ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ሁለቱ ሶሌኖይዶች መልካቸው አንድ ስለሆነ ቱቦ ማቀያየር ቀላል ነው።

ለዲያፍራሙ ከፋርማሲ የሚገዛ ትልቁ ሲሪንጅ ያገለግላል። ወደ ዲያፍራሙ የሚሄደው ቱቦ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ይሳባል፤ ዲያፍራሙ ካልተቀደደ ሲሪንጁ ሲለቀቅ ተመልሶ ይሸሻል፣ ከተቀደደ በተሳበበት ይቀራል። ሶሌኖይዱ ደግሞ 12 ቮልት ሲሰጠው «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ድምፅ ቢኖርም ውስጡ በአቧራ ተደፍኖ አየር የማያሳልፍ አለና ነፋ ማድረግ ነው። ቀጭም ያላለ፣ ኦሙም ጨርሶ የማይነበብ ከሆነ ያኔ ሶማሌ ተራ መሄድ ይፈቀዳል።

መሀል ያለችው ብርቱካናማ መብራት ከተብለጨለጨች ወይም ሥዕሉ ከዘንጉ ቦታ ጋር ካልተስማማ ወሬው ከትራንስፈሩ ስዊቾች ነው። ጫፋቸው ላይ ትንሽ ኳስ አለች፤ ስትጫን የቴስተሩ ንባብ መለወጥ አለበት። ሲፈቱ ዘይት ሊያንጠባጥቡ ይችላሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ አንድ በአንድ መፍታት ይሻላል።

መቆጣጠሪያ ሳጥኑን መጨረሻ ላይ ነው የምጠረጥረው። ትራንስፈሩ የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ ወይም ዘንጉ አልገባም ካለ ግን ነገሩ ከኤሌክትሪክ አልፏል፤ ቤት ውስጥ የሚፈታ አይደለም።

መኪና አጣቢዎች በከፍተኛ ግፊት ውኃ ከሥር ሲረጩ የሶኬቶቹን ላስቲክ አልፎ ይገባል፤ እኔ የፊት ዲፈረንሻሉን አካባቢ እንዲተዉልኝ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። በጋውን ሙሉ ዘንጉ ሳይነካ ከከረመ ዲያፍራሙም የሚስበው ዘንግም ይደርቃሉ፤ ስለዚህ በየወሩ 4ኤች አስገብቼ ጥቂት ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ መብራቱ እስኪረጋ እያየሁ።