የልብን ቫልቭ ስለ መለወጥ

አሸተን ማርያምን ለመሳለም ከላሊበላ የሚወጣ አረጋዊ፣ ቀድሞ ሳይታክት የሚወጣውን ዳገት ዛሬ በየጥቂት እርምጃው እየቆመ የሚያቃስትበት፣ ደረቱን የሚያፍነው ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ምክንያቱ እርጅና ብቻ ሳይሆን፣ ደም ከልብ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ፣ ወደ አኦርታ፣ የሚያልፍበት ቫልቭ በካልሲየም ደንድኖ መጥበቡ ሊሆን ይችላል። ይህን ደዌ መድኃኒት ስለማይፈታው፣ ፈውሱ ያረጀውን ቫልቭ በሌላ መተካት ነው።

የመተኪያውም መንገድ ሁለት ነው። በቀደመው መንገድ ሐኪሙ የደረትን አጥንት ሰንጥቆ፣ የልብንና የሳንባን ተግባር ለጊዜው ለማሽን አስረክቦ፣ የታመመውን ቆርጦ በማውጣት አዲሱን ይሰፋል። ሁለተኛው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ክሪቢየ ሚያዝያ 8 ቀን 1994 ዓ.ም. በሩዋን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የፈጸመው ነው፤ በዚህኛው የታጠፈው ቫልቭ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት ደም ሥር ገብቶ፣ ደረት ሳይከፈት በአሮጌው ውስጥ ይዘረጋል።

ይህ ጥበብ በመጀመሪያ የተሰጠው ቀዶ ጥገናን ለማይችሉ ደካሞች ነበር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የወጣው ፓርትነር 3 የተባለ ጥናት ግን፣ ቀዶ ጥገና እምብዛም የማያሰጋቸውን፣ አማካይ ዕድሜያቸው 73 ዓመት የሆነ 1000 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት መድቦ ቢመረምር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞት፣ ስትሮክ ወይም ተመልሶ ሆስፒታል መግባት ያገኛቸው በካቴተር ከታከሙት 8.5 በመቶ፣ በቀዶ ጥገና ከታከሙት 15.1 በመቶ ሆነው ተገኙ። በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ 22.8 እና 27.2 በመቶ በመሆኑ፣ አንዱ ከሌላው በልጧል ለማለት የሚያበቃ ልዩነት አልታየም።

ይሁንና ይህ ፍርድ ለአረጋውያንና ለአኦርታ ቫልቭ የተፈረደ ነው። በኢትዮጵያ ቫልቭን አብዝቶ የሚያጠፋው፣ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ሩማቲክ ትኩሳት ሲሆን፣ ይህም ወጣቶችን ይይዛል፤ ከሁሉ ይልቅም ሚትራል የተባለውን ቫልቭ ይጎዳል። የጠበበው ሚትራል ገና ልስላሴው ያልጠፋ ከሆነ፣ በካቴተር በገባ ፊኛ ሊከፈት ይችላል፤ ለመለወጥ ግን ለወጣት ዕድሜ የሚጸናው የብረት ቫልቭ፣ ዕድሜን ሙሉ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን መዋጥንና ዘወትር ደምን መመርመርን ይጠይቃል፤ ይኸው መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ወደ ተቋቋመው ማዕከል ከላስታ ልጁን ይዞ የሚሄድ አባት፣ ካቴተር ይሻላል ወይስ ቀዶ ጥገና ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ የታመመው የትኛው ቫልቭ እንደ ሆነና ከተመለሱ በኋላ ደሙ የት እንደሚመረመር ይጠይቅ። የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም፣ ትኩሳቱ የጀመረውም ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ቢወጋ፣ ከሁለቱም መንገድ የሚቀድም ጥበቃ ነው።