ጉቶ የሚመሰክርለት ሙያ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ የሚዘልቀውን አስፋልት የሚያውቅ መንገደኛ፣ ግራና ቀኝ የሚያጅበውን ባሕር ዛፍም ያውቀዋል። መንገድ ዳር የተከመረው አጣና፣ ጫፉ ከመኪናው አካል አልፎ የሚወዛወዝ ጭነት ይዞ የሚጓዘው አይሱዙ ለዓይን የተለመዱ ናቸው። አጣናው ከተማ ሲደርስ ለፎቅ ግንባታ መወጣጫ ይሆናል፤ ገጠር ሲቀር ቋሚ፣ ወራጅና ማገር ሆኖ ቤት ያቆማል። ተክሎ ያሳደገው አርሶ አደር ይታወቃል፤ ገዝቶ የጫነው ነጋዴም እንዲሁ። ዛፉን ከቆመበት አውርዶ መንገድ ዳር የሚያደርሰውን ሠራተኛ ግን የሚያነሳው የለም።

በሜጫ አካባቢ በአንድ ቀበሌ ከዛፍ ቆራጮች ቡድን ጋር አንድ ቀን ዋልን። የዋልነው ሙያውን ለማየት ነበር፤ የተመለስነው ግን ለወረዳ አመራሩም ለአርሶ አደሩም የሚሆን ጥያቄ ይዘን ነው።

ሰባት ሰው፣ አንድ ቡድን

ሥራው የሚጀመረው ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ቡድኑ ሰባት አባላት አሉት። ሁለቱ ቆራጮች ናቸው፤ ሁለቱ የወደቀውን ዛፍ ቅርንጫፍ ይመለምላሉ፤ ሦስቱ ደግሞ ቅርፊቱን እየላጡ አጣናውን በትከሻ ወደ መንገድ ያወጣሉ። መሪያቸው በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ወጣቶቹ «አያ» እያሉ የሚጠሯቸው አርሶ አደር ናቸው። በክረምት ሞፈራቸውን፣ በበጋ መጥረቢያቸውን ይይዛሉ። ከሥራቸው ያሉት ወጣቶች ግን አብዛኞቹ የራሳቸው መሬት የላቸውም። ትምህርታቸውን አቋርጠው ወይም ጨርሰው ቤተሰብ ጋር የተቀመጡ ናቸው። ለእነሱ ይህ ሥራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን መተዳደሪያቸው ነው።

ሥራው የሚበዛው በበጋ ነው። መንገዱ ለመኪና ይመቻል፤ በከተማም የግንባታ ሥራ ይደራል። ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪናውን ስለሚያስቀር ቡድኑ ይበተናል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ይፈላለጋል።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ለአዲስ አበባ የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት መፍትሔ ተብሎ የመጣው ዛፍ ዛሬ በብዙ አርሶ አደሮች ዘንድ «ባንክ» ይባላል። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ ይሸጣል። ከምንጭ ዳርና ከለማ የእርሻ ማሳ ላይ መተከሉ ውኃን ይሻማል፣ የጎረቤትን ሰብል ይጎዳል የሚለው ቅሬታም እውነት አለው። ያም ሆኖ ዛፉ እስካለ ድረስ ቆራጩም ይኖራል።

የዶለዶመ መጥረቢያ ጠላት ነው

የቡድኑ ዕቃ ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀለላል። መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ፣ ወፍራም የናይለን ገመድ፣ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ እና ሞረድ ናቸው። ከሁሉም ብዙ ጊዜ ከእጅ የማይለየው ትንሹ ሞረድ ነው። መሪው በየዕረፍቱ የእያንዳንዱን መጥረቢያ ስለት በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ያያሉ። የዶለዶመ መጥረቢያ እንጨት ውስጥ ከመግባት ይልቅ ተንሸራቶ እግር ላይ ያርፋል የሚለው ትምህርታቸው ወጣቶቹን በቃል አስይዟቸዋል። እጀታው ከወይራ ይሠራል። በበጋ ሐሩር እንጨቱ ደርቆ ሲላላ መጥረቢያው ከእጀታው እንዳይወልቅ ማታ ማታ ውኃ ውስጥ ይነከራል።

አሁን አሁን በነዳጅ የሚሠራ ሞተር መጋዝም እየተለመደ መጥቷል። ቡድኑ የራሱ ስለሌለው ትልልቅ ግንድ ሲያጋጥመው ይከራያል። ሞተር መጋዝ የግማሽ ቀን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ ስህተትን ግን ይቅር አይልም። ቤንዚኑ በተገቢው መጠን ከሞተር ዘይት ጋር ካልተቀላቀለ ሞተሩ ይነክሳል። የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ ደግሞ መሣሪያው በቅጽበት ወደ ያዘው ሰው ፊትና አንገት ተወርውሮ ይመለሳል። በሙያው በሠለጠኑ አገሮች ይህን መሣሪያ የሚይዝ ሰው ሄልሜት፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ ጫፉ ብረት ያለው ጫማና ሰንሰለቱን የሚያንቅ ልዩ ሱሪ ይለብሳል። ያየናቸው ቆራጮች የለበሱት ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ነበር።

ዛፍ የሚወድቀው ወደተነገረው ነው

ቆራጩ መጥረቢያ ከማንሳቱ በፊት ዛፉን ይዞራል። ወዴት እንዳዘነበለ፣ ቅርንጫፉ ወዴት እንደከበደ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ላይ የተሰበረና የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለ ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ መሸሻውን ይጠርጋል። መሸሻው ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ቀጥታ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ኋላና ወደ ጎን ሰያፍ ነው። ግንዱ ሲወድቅ ጉቶው ላይ ተንሸራቶ ቀጥታ ወደ ኋላ ሊረግጥ ስለሚችል ነው።

የመጀመሪያው ቆረጣ ዛፉ እንዲወድቅ በተፈለገበት በኩል የሚወጣ አፍ ነው፤ ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይሆናል። ሁለተኛው ቆረጣ ከጀርባ፣ ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገባል። ሁለቱ ቆረጣዎች መገናኘት የለባቸውም። በመካከላቸው ከግንዱ ውፍረት አንድ አስረኛ የሚያህል ያልተቆረጠ እንጨት ይቀራል፤ ይህም እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደተፈለገበት እየመራ ያስተኛዋል። ማጠፊያው ከተቆረጠ ዛፉ መሪ የለውም። መጋዙ እንዳይነከስ ሽብልቁ ከጀርባ ይገባል፤ ዘንበል ያለውን ዛፍ ገመዱ ይስበዋል።

ዛፉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቆራጩ ይጮኻል። ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው ቀና ይላሉ። በደንቡ፣ ከቆራጮቹ በስተቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ባነሰ ርቀት ውስጥ መቆም የለበትም። ባየነው ማሳ ግን ቦታው ጠባብ፣ ሥራውም ጥድፊያ ስለሆነ መልማዮቹ ከዚያ ብዙ ቀርበው ይሠሩ ነበር።

ተንጠልጥሎ የቀረው ዛፍ

ባለፈው የበጋ ሥራ ከቡድኑ አንዱ ወጣት ተጎድቷል። የተቆረጠው ዛፍ መሬት ሳይደርስ ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ቀረ። ቆራጮች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህንን ነው። የተንጠለጠለ ዛፍ የቆመም የወደቀም አይደለም፤ መቼ እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም። ደንቡ ግልጽ ነው። ሥሩ አይገባም፤ ላዩ አይወጣም፤ የደገፈው ዛፍም አይቆረጥም። ከርቀት በገመድ ከግርጌው ተስቦ ይወርዳል። እስኪወርድ ድረስ አካባቢው ለሰውም ለከብትም ይዘጋል።

የዚያን ዕለት ግን መኪናው ቆሞ ነበር፤ ነጋዴውም ቸኩሏል። ወጣቱ ደጋፊውን ዛፍ ለመቁረጥ ገባ። ሁለቱም ዛፎች አብረው ወረዱ፤ ትከሻውና ክንዱ ተሰበረ። ጤና ጣቢያ ያደረሱት ጓደኞቹ በተሸካሚነት ችሎታቸው፣ በሁለት አጣናና በጋቢ በሠሩት ቃሬዛ ነው። የተዋዋሉት ነጋዴ የሠራበትን ቀን ከፍሎ ሄደ። የሕክምናውን ወጪ የሸፈኑት ስድስቱ ናቸው። ወጣቱ ዛሬም ከቡድኑ ጋር ይውላል። ከባድ ነገር ስለማይሸከም መጥረቢያ ይሞርዳል፤ የወጣውን አጣና ይቆጥራል። ድርሻው ግን እንደ ድሮው ከሰባት አንድ ነው። ለምን ብለን ስንጠይቅ ጥያቄው ራሱ አስገርሟቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ከየሳምንቱ ክፍያ ጥቂት እያነሳ ለአደጋ ያስቀምጣል። ቀን ላይ ቆሎውና በሶው ከአንድ መሶብ፣ ጠላው ከአንድ ቅል ነው። ከመካከላቸው የአንዱ እህል ሲደርስ ሁሉም በወንፈል ይሰበስቡለታል። አገራችን ለዘመናት የኖረችበት መደጋገፍ፣ ሕግ ያልደረሰበትን ቦታ ሸፍኖ ይዟል።

ጥድፊያው ሁለት ሰው ይጎዳል

ቡድኑ የሚከፈለው በአጣና ቁጥር ነው። ቀጣሪው ደግሞ ዛፉን ከአርሶ አደሩ በቁሙ የገዛ ነጋዴ ነው። ነጋዴው የሚፈልገው አጣናውን ነው፤ ቆራጩ ቁጥሩን ይፈልጋል። በውሉ ውስጥ ስለ ጉቶው የሚያስብ የለም። አርሶ አደሩ ግን የሚቀረው ጉቶው ነው።

ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በደንብ ከተያዘ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ለዚህ ግን ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ የዝናብ ውኃ እንዳይቋጥር በሰያፍ፣ ቅርፊቱ ከእንጨቱ ሳይላቀቅ መቆረጥ አለበት። ቡቃያው የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ነውና ቅርፊቱ ከተገሸለጠ ጉቶው ይደርቃል። ጎንበስ ማለት ጊዜ ስለሚወስድ የቸኮለ ቆራጭ በወገቡ ልክ ይቆርጣል። ከከፍተኛ ጉቶ የሚወጣ ቡቃያ ደግሞ በቀላሉ በነፋስ ይገነጠላል። ቅርንጫፉና ቅጠሉም ከጉቶው ላይ ሊነሳ፣ ማሳው ከከብት ሊጠበቅ ይገባል። ቡቃያው ሲጠነክር ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያሉትን ከአንድ እስከ ሦስት ጠንካሮች አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ይመከራል።

እንግዲህ ጉቶውን የሚያበላሸውና ቆራጩን የሚጎዳው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ጥድፊያው። ስለዚህ መፍትሔውም በአንድ ውል ሊገባ ይችላል። አርሶ አደሩ ዛፉን በቁሙ ሲሸጥ የጉቶውን ከፍታ፣ ቅርንጫፉን ማን እንደሚያነሳና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ቢያሰፍር፣ ራሱንም ቆራጩንም ይጠብቃል። ነጋዴውም ቢሆን አይጎዳም፤ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ዛፍ ረጅም አጣና ይሰጣል።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም እንዲጠየቅ ይደነግጋል። በቃል ስምምነት ለቀናት የሚሠራ ቡድን ግን አሠሪዬ ይህ ነው ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። እንዲህ ያሉ ቡድኖች በማኅበር ቢደራጁ የጽሑፍ ውል መዋዋል፣ ሄልሜትና ጫማ በጋራ መግዛት፣ ሞተር መጋዝ ከመከራየት የራሳቸውን መያዝ ይችላሉ። የግብርና ባለሙያው አንድ ቀን መድቦ አቆራረጡን በማሳ ላይ ቢያሳይ፣ ልምዱ ከመሪያቸው እጅ ወደ ወጣቶቹ በደንብ ይተላለፋል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መኪናው ጭኖ ሄደ። ወጣቶቹ ዕቃቸውን በከረጢቱ ሲጠቀልሉ መሪው ብቻቸውን ወደ ማሳው ተመለሱ። በየጉቶው እየዞሩ በእግራቸው ቅጠል ገለጥ ያደርጋሉ። ከፍ ብሎ የቀረ አንድ ጉቶ አገኙ። መጋዙ እንዲመጣላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አንዱ ወጣት ሳያጉረመርም ይዞ መጣ፤ ሁለቱም ተንበረከኩ። የማንም ቁጥር ውስጥ የማይገባውን ያንን ጉቶ ዝቅ አድርገው በሰያፍ ቆረጡት።