ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ

ሰው ቆሞ ሲሄድ፣ ሲያርስ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሸከም የሰውነቱን ክብደት የሚችልለት ዳሌው ነው። ዳሌ ጤነኛ ሲሆን ማንም አያስበውም። ሲታመም ግን ከመኝታ መነሣት እንኳ ፈተና ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው የታመመ ዳሌው ወጥቶ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ስለ ገባለት ሰው ነው። ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሕመሙን እንዴት ሊችለው እንደሚገባ፣ ተሻለኝ ሲል ደግሞ ሲብስበት ምን ማድረግ እንዳለበት እስቲ እንመልከት።

ዳሌ እንዴት ይሠራል?

የጭን አጥንት ላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ይህ ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ይዞራል። ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞር ማለት ነው። አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ ሁለቱም ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ነገር ተሸፍነዋል። ይህ ሽፋን በእርጅና ወይም በበሽታ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ያን ጊዜ ብሽሽትን ይወጋል፤ ጭንን ይጠዘጥዛል፤ ሰውየውም ያነክሳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በዕድሜ የገፋ ሰው ወድቆ የጭኑ አጥንት አንገት ይሰበራል። ይህ ስብራት እንደ ሌላው ስብራት በቀላሉ አይገጥምም። ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላልና።

እንዲህ ሲሆን ሐኪሞች የተበላሸውን የአጥንት ራስ ቆርጠው ያወጡና በምትኩ ሰው ሠራሽ ራስ ያስገባሉ። ብዙ ጊዜ ጎድጓዳውንም ቦታ በጠንካራ ፕላስቲክ ይሸፍኑታል። ለዚህ ሕክምና መሠረት ከጣሉት ሰዎች ዋናው ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ቻርንሊ በ1955 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962) ራይቲንግተን በተባለ ሆስፒታል ከብረትና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ዳሌ ለበሽተኛ አስገባ። ዛሬ ሕክምናው በብዙ አገሮች ይሰጣል። በአገራችንም በትላልቅ ከተሞች ባሉ አንዳንድ ሆስፒታሎች ይሠራል። በውጭ አገር ለብዙ ዓመታት የተያዘ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ከተቀየሩት ዳሌዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 25 ዓመት ያገለግላሉ።

እንግዲህ ሕክምናው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ የበሽተኛው ሥራ ይጀምራል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

አንዳንድ ሰው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሕመሙ ወዲያው የሚጠፋ ይመስለዋል። ከሳምንት በኋላም ሲያመው «ታክሜ አልዳንኩም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህ ስሕተት ነው። ሐኪሙ ቆዳና ሥጋ ቀድዶ፣ አጥንት ቆርጦ ነው የገባው። የተቀደደው ሥጋ እስኪገጥም ያማል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዳሌና በጭን ላይ ሕመም ቢኖር፣ እስከ ጉልበት ቢወርድም፣ አያስደንቅም። እግር ሊያብጥ ይችላል። የቁስሉ ዙሪያ ሊደነዝዝ፣ ጭኑም ሊጠቁር ይችላል። የታከመው እግር ከሌላው የረዘመ ሊመስል ይችላል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሊል ይችላል።

አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ባለው ሳምንት ውስጥ ቀላል የቤት ሥራውን መሥራት ይጀምራል። ሙሉ ኃይሉ እስኪመለስ ግን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ሕመሙ የሚቀንሰውም በየቀኑ እኩል እየሆነ አይደለም። ክረምት ሊወጣ ሲል ሰማዩ አንድ ቀን ይጠራል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይዘንባል። በዚህ ምክንያት «ዘንድሮ መስከረም ቀረ» የሚል ገበሬ የለም። የዳሌ ሕመምም እንዲሁ ነው። ሰኞ እስከ ጎረቤት ድረስ የሄደ ሰው ማክሰኞ ከአልጋ መውረድ ሊያቅተው ይችላል። ይህ ማለት ወደ መጀመሪያው ተመለሰ ማለት አይደለም። ስለዚህ ዛሬን ከትናንት ጋር ሳይሆን ይህን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር እናስተያይ።

የሚቻል ሕመምና የማይቻል ሕመም

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። የሚቻል ሕመም አለ፤ የሚያስጠነቅቅ ሕመምም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ሕይወትን ያተርፋል።

የሚቻለው ሕመም ከሥራ በኋላ ይመጣል፤ ሲያርፉበትና መድኃኒት ሲወስዱለት ይቀንሳል። ከእንቅስቃሴ በኋላ የመጣ ሕመም ሌሊቱን አርፎ ጠዋት ካልቀነሰ የትናንቱ ሥራ በዝቶ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው እንቅስቃሴውን መተው አይደለም፤ መቀነስ ነው። 20 እርምጃ የሄደው 10 ይሂድ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ይጨምር። ጨርሶ የተኛ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ደሙ ይረጋል፤ መገጣጠሚያውም ይደርቃል።

የሚከተሉት ምልክቶች ግን ለነገ አይባሉም፤ በሽተኛውን ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

1ኛ. ባት ሲያብጥ፣ ሲቀላና ሲያም። ይህ ደም በሥር ውስጥ የመርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል።

2ኛ. በድንገት ትንፋሽ ሲያጥርና ደረት ሲወጋ። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ይህ ከሁሉም የከፋ ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አይታደርበትም።

3ኛ. ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲል፣ ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲሞቅ፣ መግል ወይም ፈሳሽ ሲያወጣ።

4ኛ. ከፍተኛ ሕመም በድንገት መጥቶ እግር ሲያጥር ወይም ሲጣመም፣ ሰውየውም መቆም ሲያቅተው። ይህ መገጣጠሚያው የመውለቁ ምልክት ነው።

5ኛ. ሲቀንስ የነበረ ሕመም ያለ ምክንያት ቀን በቀን ሲጨምር፤ ወይም በሽተኛው ከወደቀ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አንዳንዱ የመንገዱን ርቀትና ወጪውን አስቦ ይደብቃል። ሌላው ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ ዝም ይላል። ነገር ግን በጊዜ የታየ ቁስል በመድኃኒት ሊድን ሲችል፣ የተደበቀ ቁስል እስከ ብረቱ ዘልቆ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል።

መታሸት አይገባም

ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ እብጠቱን ሲያይ፣ «አባባ፣ ይህ እግር እኮ ወጌሻ ይይልዎት፤ ቢታሽ ይለቅዎታል» ማለቱ አይቀርም። በፍቅር ነው የሚናገረው። መልሱ ግን «አይ ልጄ፣ ውስጡ ብረት ነው፤ ሐኪሙ እንዳይነካ ብሎኛል» መሆን አለበት። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ሲሳብና ሲጠመዘዝ ሊወልቅ ይችላል። በባት ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ ደግሞ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በቁስሉም ላይ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም አመድ አይደረግም። ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ።

መድኃኒት በሰዓቱ

የሕመም ማስታገሻ ሕመሙ ከጠና በኋላ ሲወሰድ ሥራው ይዘገያል። ስለዚህ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት መውሰድ ይሻላል። ከእንቅስቃሴ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት ቢወሰድም ይረዳል። ማስታገሻ መውሰድ የደካማ ሰው ነገር አይደለም። ሕመሙ የቀነሰለት ሰው ይንቀሳቀሳል፤ የተንቀሳቀሰም ቶሎ ይበረታል።

መድኃኒት ግን መጠን አለው። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙ ለአዋቂ ሰው በቀንና በሌሊት ድምር ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል። ሐኪሙ ያነሰ ካዘዘ ያነሰው ይወሰድ። ጠንካራ ማስታገሻ ከአረቄ ወይም ከጠጅ ጋር አይወሰድም፤ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። ጠንካራ ማስታገሻ ሆድንም ያደርቃል። ስለዚህ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ጎመንና ፍራፍሬ መብላት ያስፈልጋል። ደም እንዳይረጋ የታዘዘ መድኃኒት ካለ፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ከቀኑ በፊት ማቋረጥ አይገባም።

ቤቱን ማዘጋጀት

አዲሱ ዳሌ ዙሪያው እስኪጠነክር ድረስ ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ ሦስት ነገሮችን ይከለክላሉ። እነሱም ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ እግርን ማቆላለፍና እግርን ወደ ውስጥ መጠምዘዝ ናቸው። በገጠር ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ዱካው ዝቅ ያለ ነው፤ መደቡም እንዲሁ። መጸዳጃው ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ስለዚህ በሽተኛው ሳይመጣ ቤቱ ይዘጋጅ።

መቀመጫው ሰውየው ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዳሌው ዝቅ የሚልበት ያህል ከፍ ይበል። መደብ ላይ የሚተኛ ከሆነ ከፍ ያለ አልጋ ይፈለግለት። ለመጸዳጃው መካከሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር ከእንጨት ተሠርቶ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጥ። ሲተኛ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ይደረግ። ከወለሉ ላይ ገመድ፣ እንጨትና ዕቃ ይነሣ፤ ሌሊትም መብራት በቅርብ ይኑር።

አካሄድና እንቅስቃሴ

በሽተኛው በአልጋው ላይ እያለ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች 10 ጊዜ ያንቀሳቅስ። ይህ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ጉልበቱን ወደ አልጋው ተጭኖ የጭኑን ጡንቻ ወጠር አድርጎ 5 ቆጥሮ ይልቀቅ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመሄድ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መሄድ ይሻላል።

በአንድ ምርኩዝ መሄድ ሲፈቀድለት ምርኩዙን ከታከመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ይይዛል። ቀኝ ዳሌው የታከመ በግራ እጁ ይያዝ ማለት ነው። ደረጃ ወይም እርከን ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም። ሲወርድ ምርኩዙና የታከመው እግር ይቅደሙ። ከባድ ሸክም፣ እርሻና ዝላይ ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሞከሩም።

መጻፍ ይረዳል

ማንበብና መጻፍ ለዚህም ይጠቅማል። በሽተኛው ራሱ፣ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ፣ በደብተር ላይ በየቀኑ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ምን ያህል እንደሄደ፣ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ሕመሙም ምን ያህል እንደነበረ። ሐኪሞች ሕመምን በቁጥር ይጠይቃሉ። 0 ማለት ምንም ሕመም የለም ማለት ነው። 10 ማለት ከዚያ የባሰ ሕመም የለም ማለት ነው። ስለዚህ፣ «ሰኞ፤ እስከ በረት ሄድኩ፤ ሕመም 6» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከአራት ሳምንት በኋላ ደብተሩን የገለጠ ሰው፣ በክፉ ቀን የረሳውን መሻሻል በዓይኑ ያየዋል። ሐኪሙም በቀጠሮ ቀን ደብተሩን አይቶ ነገሩን ቶሎ ይረዳል።

ሆድ ሲብስ

ከሁሉም የሚከብደው ሁልጊዜ የአጥንቱ ሕመም አይደለም። ትናንት ጥማድ ይነዳ የነበረ ሰው ዛሬ ውኃ አቀብሉኝ ሲል ሆዱ ይብሰዋል። «ሸክም ሆንኩ» ይላል፤ ምግብ ይጠላል፤ ሰው መጥቶ ሲጠይቀው ፊቱን ያዞራል። ይህ ሐዘን ሕመሙን ራሱን ያብሰዋል። ቤተሰቡ «ጠንከር በል» ብሎ ከመገሠጽ ይልቅ ቁጭ ብሎ ያዳምጠው። ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ የሚሠራውን ሥራ ይስጠው። እህል መልቀም፣ ገመድ መግመድ፣ ጥጥ መፍተል፣ ልጆችን ማስጠናት ይቻላል። እርሻውን ጎረቤት በደቦ ቢያርስለት፣ እሱም ሲድን ብድሩን ይመልሳል። ሐዘኑ ሳምንታት ቆይቶ ካልለቀቀው ግን ይህም ለሐኪም ይነገር።

እንግዲህ የዳሌ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የሚቻለውን ሕመም በመድኃኒት፣ በዕረፍትና በእንቅስቃሴ ይቻለው። የሚያስጠነቅቀውን ሕመም ግን እችለዋለሁ አይበል። ያኔ ብርታት ማለት ዝም ማለት ሳይሆን፣ «አሞኛል፤ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ማለት ነው።

እንወያይበት

1. በሽተኛውን ፈጥነን ወደ ሐኪም እንድንወስድ የሚያስገድዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
2. ትናንት ብዙ ሄዶ ዛሬ ጠዋት ሕመም የበረታበት ሰው ምን ማድረግ አለበት?
3. በእናንተ ቤት ዳሌው የታከመ ሰው ቢኖር ከቤቱ ዕቃ የትኛውን ትለውጡለት ነበር?