ባለ ብርቱ ኃይሉ መኪና በተጂ መንገድ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በሰበታና በተፍኪ አልፎ የበቾን ሜዳ እየሰነጠቀ ወደ ተጂ በሚዘልቀው ጎዳና የሚመላለስ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ ነው። ባለ ሁለት ሞተሩ ቢዋይዲ «ሲል» ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.8 ሴኮንድ ሲበቃው፣ ባለ አንድ ሞተሩ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ግን 8.5 ሴኮንድ ገደማ ይሻል፤ ነገር ግን ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት በአንድነት በሚጓዙበት መንገድ ይህ ልዩነት ከከንቱ ውዳሴ በቀር ምን ይረባል? (ከባድ መኪና ቀድሞ ለማለፍ እንደሚረዳ ግን አልክድም።) የነዳጅ ሞተር በደጋው ስስ አየር ኃይሉ ሲመነምን፣ የኤሌክትሪኩ አየር የማይሻ ነውና ቀርፋፋውን እንኳ ከፍታው አያደክመውም። እኔስ ዝቅ ያለው «ሲል» ሆዱን የሚፍቅበትን ጉብታ በእርጋታ የሚሻገረውን አይዲ 4 እመርጣለሁ።