የድር አገልግሎቶች አያያዝና የአቅም ፈተና

መግቢያ

አንድ ፈተና ሊመዝን የተነሣበትን ችሎታ ካልመዘነ የተገኘው ነጥብ ከፍ ቢልም ትርጉም እንደማይኖረው መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ይህ መመሪያ ተማሪን ለመመዘን ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ የሠራቸውን መሣሪያዎች ለመመዘንም ያገለግላል። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኢንተርኔት አማካይነት ተሰጥቷል። ስለሆነም እንዲህ ያሉ ሥራዎችን የሚሸከሙት የድር አገልግሎቶች እንዴት እንደሚያዙና አቅማቸው እንዴት እንደሚፈተን ማወቅ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዳዩን መሠረታዊ ነጥቦች ለመምህራንና ለእቅድ ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

ሀ. የድር አገልግሎት ምንነት

የድር አገልግሎት ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፕሮግራም፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ካለ ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚላክለትን ጥያቄ አስቀድሞ በተወሰነ መልክ ተቀብሎ ምላሽ የሚሰጥበት አሠራር ነው። ለምሳሌ የአንድ ኮሌጅ የምዝገባ ፕሮግራም የአመልካቹን ውጤት ከፈተና መዝገብ ፕሮግራም ጠይቆ ሊቀበል ይችላል። በመካከሉ ደብዳቤ የሚያመላልስ ሰው የለም።

በትልልቅ ድርጅቶች ተጠቃሚው የሚያየው አንድ ገጽ ከበስተጀርባው በብዙ አገልግሎቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ አንዱ አገልግሎት ሲዘገይ ምላሹን የሚጠብቁት ሁሉ ይዘገያሉ። ሁለተኛው፣ ጉድለት ይደራረባል። አምስት አገልግሎቶች እያንዳንዳቸው ከ100 ጊዜ 99ኙን በትክክል ቢሠሩና የአንዱ ጉድለት ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ አምስቱም በአንድነት የሚሠሩት ከ100 ጊዜ 95ቱን ያህል ብቻ ነው።

ለ. የአገልግሎቶች አያያዝ

በመልካም አያያዝ ረገድ ተፈላጊ የሆኑት ዋና ዋና ተግባራት የሚከተሉት ናቸው፤

1ኛ/ አገልግሎቱ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስና በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልስ በጽሑፍ መወሰን፤
2ኛ/ ለውጥ ሲደረግ ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራሞች ወደ አዲሱ እስኪዛወሩ ድረስ የቀድሞውን አሠራር ጎን ለጎን ማቆየት፤
3ኛ/ የጥያቄዎችን ብዛት፣ የምላሹን ጊዜና የስሕተቱን መጠን ሌሊትና ቀን መመዝገብ፤
4ኛ/ ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ ተጠያቂ ኃላፊ መመደብ።

ሐ. የአቅም ፈተና

አንድ አገልግሎት ለአንድ ሰው በትክክል መሥራቱ ለ10,000 ሰው በአንድ ጊዜ ይሠራል ለማለት አያስችልም። የአቅም ፈተና የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ፈተናው የሚካሄደው ብዙ ተጠቃሚዎችን መስሎ ጥያቄ በሚልክ ፕሮግራም ነው፤ ከእነዚህም መካከል ያለ ክፍያ የሚገኘው ጄሜተር ይጠቀሳል። በፈተናው ወቅት ጭነቱ ቀስ በቀስ እስከሚጠበቀው መጠን ከፍ ይደረጋል። ከዚያም አገልግሎቱ የት ላይ እንደሚሰናከል ለማወቅ ከሚጠበቀው በላይ ይጫናል፤ በድንገት የሚመጣ ጭነትና ለብዙ ሰዓታት የሚዘልቅ ጭነትም ለየብቻ ይሞከራሉ።

ውጤቱ ሲተረጎም በአማካይ መታለል አይገባም። ከ100 ጥያቄዎች 90ው በግማሽ ሴኮንድ፣ 10ሩ ግን በ12 ሴኮንድ ቢመለሱ አማካዩ 1.65 ሴኮንድ ብቻ ይሆናል። የክፍል አማካይ ነጥብ የደካማ ተማሪዎችን ችግር እንደሚሸፍን ሁሉ ይህም አማካይ የአሥሩን ተጠቃሚዎች እንግልት ይሸፍናል።

አገልግሎት ሲጨናነቅ ለምን በድንገት እንደሚወድቅ ለመረዳት አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጡት ሕግ ይረዳል። በሕጉ መሠረት በአንድ አገልግሎት ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኙት ጥያቄዎች ብዛት፣ በሴኮንድ የሚገቡት ጥያቄዎች እያንዳንዱ በሚቆይበት ጊዜ ተባዝተው የሚገኘው ነው። በሴኮንድ 200 ጥያቄዎች ቢገቡና እያንዳንዱ በግማሽ ሴኮንድ ቢመለስ በውስጥ የሚገኙት 100 ናቸው። ምላሹ ወደ 4 ሴኮንድ ቢዘገይ ግን 800 ይሆናሉ። ክምችቱ መዘግየትን፣ መዘግየቱም ክምችትን ይወልዳል። መጠበቅ የሰለቸው ተጠቃሚ ደግሞ ጥያቄውን ደጋግሞ ሲልክ ጭነቱን ያብሰዋል።

መ. ከአሜሪካ የተገኘ ትምህርት

የዚህን ጉዳይ ክብደት በግልጽ ያሳየው የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የጤና መድን የሚገዛበት ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለው ድረ ገጽ ነው። ድረ ገጹ መስከረም 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ተከፈተ። የአመልካቹን ማንነትና ገቢ ለማረጋገጥ ከልዩ ልዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ በድር አገልግሎት መጠየቅ ነበረበት። በአንድ ጊዜ ይመጣሉ ተብለው የታሰቡት ከ50,000 እስከ 60,000 ተጠቃሚዎች ሲሆኑ የመጡት ግን እስከ 250,000 እንደነበሩ በወቅቱ የመንግሥቱ ባለሥልጣን ገልጸዋል። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የፈጸሙት ስድስት ሰዎች ብቻ መሆናቸው ከጊዜ በኋላ ይፋ በሆኑ ሰነዶች ታይቷል።

የጭነቱ ከፍተኛነት ብቻውን ለውድቀቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣ ሰው እንኳ አስቀድሞ እንዲመዘገብ በመደረጉ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጠባብ በር ላይ ተጨናነቀ። ልዩ ልዩ ክፍሎቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድነት የተፈተኑትም በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደሆነ ተቋራጮቹ ለአገሪቱ ምክር ቤት አስረድተዋል። በዚያን ጊዜ ፈተናው ጉድለትን ቢያሳይ እንኳ ለማረም የሚበቃ ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚያስተባብር አንድ አካል ተመደበ፤ ክትትሉ ተጠናከረ፤ ስሕተቶችም በቅደም ተከተል ታረሙ። እስከ ኅዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በተከናወነው ሥራ ድረ ገጹ በአንድ ጊዜ 50,000 ተጠቃሚዎችን ማስተናገድ መቻሉን፣ ምላሹም ከ8 ሴኮንድ ወደ 1 ሴኮንድ ያህል መውረዱን መንግሥቱ አስታውቋል። በሁለት ወር ሊታረም የቻለ ጉድለት ከመክፈቻው በፊትም ሊታረም ይችል ነበር ማለት ነው።

ሠ. ለእቅድ ባለሙያዎች

ከላይ ከተገለጸው እንደምንረዳው ዋናው ነጥብ ፈተና መኖሩ ብቻ ሳይሆን እውነተኛውን ጭነት የሚመስል መሆኑና ውጤቱ ውሳኔ ሊያስለውጥ በሚችልበት ጊዜ መካሄዱ ነው። የፈተና ውጤት በሚገለጽበት ዕለት የሚመጣው ጭነት ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የተለየ ነው። የዕለት ተዕለቱን አማካይ ይዞ ማቀድ ስለዚህ አያዋጣም። እቅድ አውጪው በውሉ ውስጥ የከፍተኛውን ጭነት ግምት፣ ተቀባይነት ያለውን የምላሽ ጊዜና የስሕተት መጠን በቁጥር ማስፈር ይገባዋል። አገልግሎቱ ፈተናውን ካላለፈ መክፈቻውን ለማስተላለፍ ሥልጣን ያለው ኃላፊም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ጉድለት በሙከራ ጊዜ ሲገኝ ዋጋው ጥቂት የሥራ ቀናት ነው። በመክፈቻው ዕለት ሲገኝ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት ውጤታቸውን ወይም ምዝገባቸውን በጭንቀት የሚጠብቁ ተማሪዎችና ወላጆች ናቸው።